የበዓሉ ሪባን ከሱቁ ግድግዳ ሲያልፍ

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው አባባል ለጨርቅ ነጋዴው ስንት ዘመን በነፃ ያገለገለ ማስታወቂያ ነው። አሁን አሁን ግን ለጥምቀት የሚለብሰው ሰው ብቻ አይደለም፤ መንገዱም ይለብሳል። ከተራ ሲቃረብ ደብረ ማርቆስ የገባ እንግዳ ከአንዱ ምሰሶ ወደ ሌላው የተወጠረውን ሲባጎ፣ በሲባጎው ላይ የተንጠለጠለውን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ጨርቅ፣ በየሱቁ በር ላይ የታሰረውን ፊኛና ሪባን ያያል። ይህ ሁሉ ተገዝቶ የሚሰቀል ዕቃ ነው። የሚገዛ ስላለ የሚያመጣ አለ፤ ለማምጣትም ገንዘቡን የሚያስር አለ።

ገበያውን የሚነቅፍ የለም። ጭቅጭቁ የሚነሳው ዕቃው ከተሸጠ በኋላ በሚሰቀልበት ቦታ ነው። ሪባኑ በገዛ ግድግዳ ላይ ሲሆን ጌጥ ነው። አንድ ክንድ ካለፈ የጎረቤት ታፔላ ላይ ያርፋል፤ ወደ አስፋልቱ ከተጠጋ የትራፊክ ምልክት ላይ ይታሰራል፤ ጥቂት ከፍ ካለ ደግሞ የመብራት ሽቦ ይነካል። ሦስቱም የየራሳቸው ባለቤትና የየራሳቸው ሒሳብ አላቸው። ሒሳቡ የሚቀርበው ለሰቀለው ሰው ነው፤ አንዳንዴም ላልሰቀለው ባለሱቅ።

ከጤፍ መኪና መልስ

ምሥራቅ ጎጃም ጤፉን ወደ አዲስ አበባ የሚልክ አገር ነው። ጭነቱን ያራገፈ መኪና 300 ኪሎ ሜትር ባዶውን አይመለስም፤ ከመርካቶ ሳሙናውን፣ ዘይቱን፣ ፕላስቲኩን ይጭናል። የበዓል ጌጥም የሚመጣው ከዚሁ የመልስ ጭነት ጋር ነው። ፊኛ፣ ሪባን፣ የገና ዛፍና የገና መብራት ክብደት የላቸውም፤ ቦታ ግን ይይዛሉ። ስለዚህ የጭነቱን ዋጋ የሚደራደር ሰው ካርቶኑን ይቁጠር እንጂ ሚዛኑን አይመን።

የጌጥ ሽያጭ ዓመቱን ሙሉ የሚሄድ አይደለም። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም 17 አንድ ጊዜ ይሞቃል፤ እንቁጣጣሽና መስቀል ነው። ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር 11 ሁለተኛ ጊዜ ይሞቃል፤ ገናና ጥምቀት ነው። ከዚያ የጥር ሠርግ ይቀጥላል፣ ፋሲካ ይመጣል። ደብረ ማርቆስ ደግሞ የራሷ ተጨማሪ ቀን አላት፤ ሚያዝያ 30 የቅዱስ ማርቆስ በዓል ነው። መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን የአሁኑን ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው። በእነዚህ ቀኖች መካከል ያለው ጊዜ ለጌጥ ነጋዴ ሙት ወቅት ነው፤ ያልተሸጠ ካርቶን እስከሚቀጥለው በዓል መጋዘን ውስጥ ይተኛል።

የሚተኛው ገንዘብ ከቀድሞው በዝቷል። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የጌጡ ዕቃ አብዛኛው የቻይና ሥራ ነው፤ ዋጋውም ከዶላሩ ጋር ይወጣል። በዚህ ላይ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል መንገድ በተደጋጋሚ ሲዘጋ ታይቷል። ጥር 9 ቀን መድረስ የነበረበት የጥምቀት ባንዲራ ጥር 13 ቀን ቢደርስ ምን ዋጋ አለው? ሽንኩርት ቢዘገይ በቅናሽ ይሸጣል፤ የበዓል ጌጥ ግን ቀኑ ካለፈ ለዓመት ነው።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ አልፎ የመጣ ዕቃ ከተሰቀለ በኋላ በዋዜማው በደንብ አስከባሪ መሰላል ሲወርድ የሚሰማውን ቁጭት መገመት አያዳግትም። ከዚህ ቁጭት የሚድነው ግን አስቀድሞ ቦታውን የመረጠ ነው።

መንገዱ የማን ነው?

የደብረ ማርቆስን ነገር ከሌሎች ከተሞች ለየት የሚያደርገው ዋናው የገበያ መንገዷ ዋና አውራ ጎዳናም መሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ በደጀን በኩል ወጥቶ ወደ ደምበጫ፣ ወደ ቡሬና ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው መኪና በከተማዋ መሐል ያልፋል። ሾፌሩ የከተማው ሰው አይደለም። የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ የደከመ ነው፤ ምናልባትም ተሳቢ ይዟል። እርሱን የሚመራው በመንገዱ ዳር የቆመው ምልክት ብቻ ነው፦ እዚህ ትምህርት ቤት አለ፣ እዚህ እግረኛ ይሻገራል፣ እዚህ ቅድሚያ ስጥ። ይህ ምልክት በበዓል ሰሞን በፊኛ ከተሸፈነ ሾፌሩ የሚያየው ፊኛውን ነው። በዓል ደግሞ እግረኛው ከመቼውም ጊዜ ይልቅ አስፋልት ላይ የሚበዛበት፣ ሕፃናት ከቤት የሚወጡበት፣ ጠላና አረቄውም የማይጠፋበት ቀን ነው። ምልክቱ በዓመት ውስጥ በጣም የሚያስፈልግበት ቀን ቢኖር እርሱ ነው።

በ1968 እ.ኤ.አ. በቪየና የተዘጋጀው የመንገድ ምልክቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት ይህን ጉዳይ በግልጽ አስቀምጦታል። ከምልክቱ ዓላማ ጋር የማይገናኝ ማንኛውም ነገር በምልክቱ ወይም በተተከለበት ብረት ላይ እንዳይለጠፍ፣ ምልክቱን የሚሸፍን ወይም የሾፌሩን ዓይን የሚያጭበረብር ነገርም በአጠገቡ እንዳይሰቀል ይከለክላል። ሁለተኛው ነጥብ ለእኛ ነጋዴዎች ከመጀመሪያው ይበልጣል። ምልክቱን የነካ ባይኖርም ከጀርባው ብልጭ ድርግም የሚል ቀይና አረንጓዴ መብራት ያለው ሱቅ በሌሊት ከምልክቱ ጋር ይምታታል።

«ከበሬ ፊት ያለው የእኔ ነው» የሚል ባለሱቅ ጥቂት አይደለም። ጠዋት የሚጠርገው እርሱ ነው፤ ክረምት ጭቃውን የሚዝቀው፣ በጋ ውኃ የሚረጨው እርሱ ነው። ስለዚህ የእርሱ መስሎ ይሰማዋል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1446 መንገዶችንና ጎዳናዎችን የሕዝብ አገልግሎት ከሆኑ ንብረቶች ቆጥሯቸዋል። እንዲህ ያለ ንብረት ረጅም ዘመን ስለተጠቀሙበት ብቻ የግል አይሆንም። አባቱም አያቱም በረንዳው ፊት ጨው ሲሸጡ የኖሩ ሰው ቢሆን ያው ነው። ይዞታው የሚያልቀው በካርታው ላይ ያለው መስመር በሚያልቅበት ነው። በብዙ የቆዩ ቤቶች መስመሩ ግድግዳው ራሱ ነው፤ አንዳንዱ ቤት እንዲያውም በረንዳው ከካርታው ውጭ ነው። ካርታውን ከሣጥን አውጥቶ በሜትር መለካት አንድ ሰዓት አይፈጅም። ቤት የሚያሻሽጡ ደላሎች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ሱቅ ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «በረንዳው በካርታው ውስጥ ነው ወይ?» ብሎ ነው።

ይህ ማለት ነጋዴው ከግድግዳው አልፎ ምንም አይሰቅልም ማለት አይደለም። ያለፈቃድ አይሰቅልም ማለት ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ታፔላ አድራሻ ነው

ከመንገድ ምልክቱ ይልቅ ነጋዴን ከነጋዴ የሚያጣላው የጎረቤት ታፔላ ነው። በአገራችን ከተሞች ሱቅ የሚፈለገው በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር አይደለም። «ከባንኩ ፊት ለፊት፣ ሰማያዊ ታፔላ ያለው» ተብሎ ነው። ገበያተኛው ከሮብ ገበያ፣ ከሉማሜ ወይም ከአማኑኤል መጥቶ ከሆነ ደግሞ በስልክ የተነገረው ይኸው ብቻ ነው። ለዚህ ታፔላ ባለቤቱ ለሠሪው ከፍሏል፤ ማዘጋጃ ቤቶችም በስፋቱ መጠን በየዓመቱ ክፍያ ይቀበሉበታል። እንግዲህ የጎረቤቱ ባነር በዓመቱ ምርጥ በሆኑት አምስትና ስድስት የገበያ ቀናት ሰማያዊውን ታፔላ ከሸፈነው ጉዳቱ የዓይን ብቻ አይደለም። የዓመት ኪራይ ተከፍሎበት በዋናው ቀን የተዘጋ በር ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ ጠቡ ሳይታሰብ ይፈጠራል። የሱቁ ፊት አራት ሜትር ነው፤ የተገዛው ባነር አምስት ሜትር ነው። አንድ ሜትሩ የት ይሂድ? ባነሩን አጥፎ መስፋት ይቻላል፤ ግን ጽሑፉ መሐል ላይ ስለማይሆን አይወደድም፤ ስለዚህ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። ጎረቤቱ በዓል ነውና ዝም ይላል። በሁለተኛው በዓልም ዝም ይላል። በሦስተኛው ቢላ ይዞ ይወጣል። ነገሩ የሚቃለለው ባነሩ ከመታተሙ በፊት ነው፤ ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄድ ሰው የሱቁን ፊት ለክቶ ከሁለቱም ጎን ሃያ ሃያ ሳንቲ ሜትር ቀንሶ ይዘዝ።

«እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ» የሚለው ባነር ከሥሩ የድርጅቱ ስምና ስልክ ከተጻፈበት መልካም ምኞት ብቻ ነው ማለት ይከብዳል። በእኔ አስተያየት ማስታወቂያ ነው፤ ሰቃዩም ለዚያ ብሎ ነው ገንዘቡን ያወጣው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ከቤት ውጭ የሚነገር ማስታወቂያ ሲል ባነርንና ፖስተርን ብቻ ሳይሆን በድምፅ ማጉያ የሚነገረውንም ቆጥሯል። ሞንታርቦ በር ላይ አውጥቶ ከጠዋት እስከ ማታ መዝሙርና ዘፈን እያፈራረቀ ደንበኛ የሚጠራውም እዚሁ ውስጥ ነው። ስለ ድምፁ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1225 አለ፤ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ሽታና ድምፅ ጎረቤትን እንዳያውክ ይከለክላል። ቅቤ የሚያነጥረውንም ጎረቤት ቢሆን ይመለከታል እላለሁ፤ በፋሲካ ዋዜማ ግን የሚከስ አይገኝም።

የወደቀውን ማን ይከፍላል?

ሱቅ ተከራይቶ የሚሠራ ሰው አንድ ቁጥር ቢያስታውስ ይበጀዋል፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2080። ከሕንፃ ላይ በወደቀ ነገር ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ የሚሆነው በሕንፃው የሚገለገልበት ሰው ነው ይላል። ባለቤቱ አላለም። ሕንፃው ራሱ ፈርሶ ጉዳት ቢያደርስ በቁጥር 2077 ባለቤቱ ይጠየቃል፤ ከሕንፃው ላይ ለሚወድቀው ዕቃ ግን ተከራዩ ነው። የብረት ፍሬም ያለው ባነር፣ በሽቦ የታሰረ ሰው ሠራሽ ዛፍ ወይም ከጣሪያ ጫፍ የተንጠለጠለ ኮከብ በነፋስ ተነቅሎ መንገደኛን ቢመታ፣ «የሰቀሉት የሰፈሩ ልጆች ናቸው» ማለት ለተከራዩ ብዙም አያስጥልም። የደብረ ማርቆስ ነፋስ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር ከፍ ብላ ከጮቄ ተራራ ደቡብ የተቀመጠች ናት። የጥር ፀሐይ ናይለኑን ያደርቀዋል፣ የሌሊቱ ቁር ያኮማትረዋል፤ በሦስተኛው ቀን ቋጠሮው ይላላል።

ከፍ ብሎ ወደ መንገድ መሐል የሚወጠረው ሲባጎ ሌላ ሒሳብ አለው። እንበልና በመንገዱ ግራና ቀኝ ባሉ ምሰሶዎች መካከል 14 ሜትር አለ። ሲባጎው መሐል ላይ ስለሚረግብና ጫፎቹ ስለሚታሰሩ 16 ሜትር ይፈልጋል። በ200 ሜትር መንገድ ላይ አሥር ጊዜ ከተሻገረ 160 ሜትር ነው። በየ30 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ባለሦስት ማዕዘን ጨርቅ ቢንጠለጠል በአንድ መሻገሪያ 50፣ በጠቅላላው 500 ጨርቅ ይሆናል። ወርዱ 20 ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና ልብስ ሰፊው ሁለቱን ከአንድ ቁራጭ ቢያወጣ 15 ካሬ ሜትር፤ ማለትም ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል ከሆነ ጣቃ 10 ሜትር ይበቃል። አንባቢ የሜትሩን ዋጋና የሰፊውን ክፍያ በየገበያው ይሙላበት። የሚያስገርመው ጨርቁ ከፊኛው ብዙም የማይወደድ መሆኑ ነው፤ ታጥቦ ለሚቀጥለው ዓመት ስለሚያገለግል እንዲያውም በሁለተኛው ዓመት ረክሶ ይገኛል። ፊኛ ግን በዕለቱ ይፈነዳል።

ሒሳቡ ላይ የሌለው ቁመቱ ነው። ባዶውን የሚያልፍ ሚኒባስ ታይቶ የተወጠረ ሲባጎ ከአራት ሜትር በላይ ጭኖ የሚመጣውን መኪና አይጠብቅም። መኪናው ሲባጎውን ይዞ ይሄዳል፤ ሲባጎው ምሰሶውን ይጎትታል፤ ምሰሶው ላይ ደግሞ ኤሌክትሪክ አለ።

ስለ ኤሌክትሪክ ምሰሶው ዙሪያ ጥምጥም ማለት አይገባም። የመብራት ምሰሶ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ንብረት ነው፤ የበዓል ምሰሶ አይደለም። ከታች ያለው መስመር 220 እና 380 ቮልት ነው፤ ከዚያ በላይ የሚታየው መስመር ደግሞ 15 ሺሕ ወይም 33 ሺሕ ቮልት ሊሆን ይችላል። መሰላል አቁሞ በእርጥብ ሲባጎ ወይም በብረት ሽቦ የሚያስር ልጅ የሚጫወተው ከዚህ ጋር ነው። የመስከረም ዝናብ ያላባራበት እንቁጣጣሽ ከጥሩ የበለጠ አደገኛ ነው፤ የረጠበ ጨርቅ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ ይከብዳልም። የሞተ ልጅ ያለበት በዓል ለማንም ገበያ አይሆንም።

የገና መብራቱ ግን የሚፈራውን ያህል ቆጣሪ አይበላም። መቶ አምፖል ያለው የኤልኢዲ ገመድ 8 ዋት ይወስዳል ብንል፣ አሥር ገመድ ከገና ማታ እስከ ከተራ ማታ ለ12 ሌሊት በየሌሊቱ ስድስት ሰዓት ቢበራ ስድስት ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞላም። የድሮው ባለክር አምፖል በገመድ 40 ዋት ከወሰደ ወደ 29 ኪሎ ዋት ሰዓት ይደርሳል። ስለዚህ ከጎረቤት ሶኬት ተስቦ የሚመጣውን መብራት አስመልክቶ የሚነሳው ጭቅጭቅ የብሩ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ ቀጭን ገመድ የሁለት ሰው ወሰን ተሻግሮ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲያልፍ፣ ቆርቆሮው ገመዱን ከቆረጠው ጣሪያው ራሱ ኤሌክትሪክ ይይዛል። እሳት ከተነሳም ኢንሹራንሱ የሚጠይቀው መብራቱ ከየትኛው ቆጣሪ መጣ ብሎ ነው።

መዋጮው

መንገድን ማስጌጥ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ከፋዩ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጫን በአዲስ አበባ እንግዶች የሚያልፉባቸው መንገዶች ዳር አጥር ተሠርቶ ጎጆዎቹ ተሸፍነዋል፤ ወጪው የመንግሥት ነበር። በደርግ ጊዜ መስከረም 2 በመጣ ቁጥር አጥር ይቀባ፣ ቅስት ይተከል ነበር። መስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር ደግሞ አዲስ አበባ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ከዳር እስከ ዳር ተሸፍና ነበር፤ ባለሱቁ የተነገረውን ይቀባል እንጂ አይጠይቅም። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሚሊኒየም ሲከበር ግን ድርጅቶችና ነጋዴዎች በየራሳቸው ፍላጎት ሕንፃቸውን በመብራት አሰጌጡ። ከዚያ ወዲህ የየሰፈሩ ወጣት ለጥምቀት መንገድ የሚያስጌጥበት፣ በታቦት ፊት ምንጣፍ የሚያነጥፍበት ልማድ በየከተማው ሰፋ። ጥምቀት በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ በኋላም ድምቀቱ አልቀነሰም።

ወጣቶቹ ገንዘቡን የሚሰበስቡት ከሱቅ ወደ ሱቅ ዞረው ነው። ነጋዴው አንዳንዱ ከልቡ፣ አንዳንዱ ይሉኝታ ይዞት ይሰጣል፤ ደረሰኝ ግን የሚጠይቅም የሚሰጥም የለም። መጨረሻ ላይ ባለሱቁ ገንዘቡ ምን እንደተገዛበት፣ የት እንደሚሰቀልና ማን እንደሚያወርደው አያውቅም። መዋጮውን ማንም እንዲከለክል አልመክርም። ሃይማኖቱ የራሱ ነው፣ ልግስናውም የራሱ ነው። ነገር ግን ከመዋጮው ጋር የሚሄድ አንድ ጥያቄ መኖር አለበት፦ የማዘጋጃ ቤቱ ወረቀት አላችሁ ወይ?

በለንደን የሬጀንት ጎዳና ነጋዴዎች በ1954 እ.ኤ.አ. ለገና መንገዳቸውን በመብራት ሲያስጌጡ ያዘጋጀው የነጋዴዎቹ ማኅበር ነበር። በእንግሊዝ አገር ከመንገድ በላይ ገመድ መወጠር የመንገዱን ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቃል። አንድ ማኅበር ፈቃድ ያወጣል፣ አንድ ማኅበር ኢንሹራንስ ይገባል፣ እርሱው ሰቅሎ እርሱው ያወርዳል። እኛ ዘንድ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አለ፤ ዕድርም ዕቁብም መዝገብና ገንዘብ ያዥ ኖሮት የሚሠራ ሕዝብ ነን። የአንድ መንገድ ሃያ ሱቅ አንድ መዝገብ ከከፈተ የጨርቁ ጣቃ በጅምላ ዋጋ ይገዛል፤ ሃያ ሰው ለየብቻው በችርቻሮ ከመግዛት ይድናል።

ማዘጋጃ ቤቱም የሚጠበቅበት አለ። ክልክል ነው እያሉ በዋዜማው ማውረድ ቀላል ነው። ማሰሪያ የሚሆን ቦታ ማዘጋጀት ግን የተሻለ ነው። ጎጃም ባሕር ዛፍ የሞላበት አገር ነው፤ አጠናውም ወራጁም ከየወረዳው ይወጣል። ከምልክቶችና ከኤሌክትሪክ መስመር ርቀው የሚተከሉ የበዓል ምሰሶዎች ቦታቸው በቀለም ቢታወቅና ለሰሞኑ ቢከራይ ማዘጋጃ ቤቱ ገቢ ያገኛል፣ ወጣቱ ወደ መብራት ምሰሶ አይወጣም፣ አጠና ነጋዴውም ደንበኛ ያገኛል። ለደመራ ቦታ ይሰጥ የለም እንዴ? ለደመራ አደባባይ የሚለቅ ከተማ ለሪባን ምሰሶ መልቀቅ አያቅተውም።

ሰንደቁና ጥዱ

ነጋዴው ገንዘቡን ከማሰሩ በፊት ሁለት ዕቃዎችን ደግሞ ይመልከት። አንደኛው ባለሦስት ቀለሙ ሰንደቅ ነው። የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ቁጥር 654/2001 ዓርማ የሌለውን ሰንደቅ ዓላማ መጠቀምን ይከለክላል፤ በተለያዩ ዓመታት በበዓል ሰሞን በዚህ ምክንያት ከፖሊስ ጋር ጭቅጭቅ ሲነሳ ታይቷል። የጉዳዩ ፖለቲካ የዚህ ገጽ ሥራ አይደለም። የገበያው ነገር ግን ግልጽ ነው፦ በአንድ የዕቃ ዓይነት ላይ ካርቶኑን ሁሉ የከመረ ሰው ከሌላው የበለጠ አደጋ ይይዛል። ነጭና ወርቃማ ጨርቅ፣ የቅዱሳን ሥዕል፣ ሪባንና መስቀል ይህ ጣጣ የለባቸውም።

ሁለተኛው ለገና የሚቆረጠው ጥድ ነው። የሐበሻ ጥድ ከኮሶ፣ ከዋንዛና ከዝግባ ጋር በአዋጅ ቁጥር 94/1986 ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጥ በስም ተጠቅሶ የነበረ ዛፍ ነው፤ ዛሬ በጎጃም በብዛት የሚታየው በቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ ነው። ቅርንጫፉን በሌሊት ቆርጦ በጠዋት መንገድ ዳር የሚሸጥ አይጠፋም። ፕላስቲኩ ዛፍ የዶላር ጥገኛ ነው፤ የተቆረጠው ጥድ የዘመናት ዕድሜ ዋጋ አለው። ቀጠማው ሁለቱንም ያስንቃል፤ ከወንዝ ዳር ይመጣል፣ በእቅፍ ይሸጣል፣ በደጃፍ ይነጠፋል፣ ታፔላ አይሸፍንም። ቀጠማ ሻጮቹ ራሳቸው ግን የእግረኛውን መንገድ ይዘው ስለሚቀመጡ መንገደኛው ወደ አስፋልት ይወርዳል። ለእነርሱም ለሰሞኑ ቦታ ቢለይላቸው አይከፋም።

በአዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት በተነካኩ መንገዶች የእግረኛ መንገዱ ሰፍቶ፣ አጥሩና ታፔላው ተነስቶ እንደገና ሲተከል፣ ወሰኑን የሚያውቅና የማያውቅ ባለሱቅ ተለይቷል። ካርታው በእጁ የነበረው የሚከራከርበትን ያውቅ ነበር። መንገድ የሚሰፋበት ቀን ከመምጣቱ በፊት ወሰንን ለክቶ ማስቀመጥ ለበዓል ጌጥም ለካሣ ጥያቄም ያገለግላል።

ከበዓሉ ማግስት ያለው ሥራ ማውረድ ነው። ጥምቀት ካለፈ ሳምንት ከሆነው ጀምሮ የተበጣጠሰ ናይለን ሽቦ ላይ ሲውለበለብ፣ ፀሐይ የነጣው ፊኛ ምልክት ላይ ተለጥፎ ሲቀር ይታያል፤ አንዳንዱ እስከ ሚያዝያ 30 ይቆያል። የሚያወርደው ሰው ክፍያ ከመዋጮው ላይ አስቀድሞ ይነሳ። የተሰፋው ጨርቅ በጥር 13 ወርዶ፣ ታጥቦና በደርዘን ተቆጥሮ በጆንያ ቢገባ ለማርቆስ ንግሥ ይደርሳል። ከእርሱ የተረፈው ነሐሴ ላይ ሲወጣ አዲስ ጣቃ ለመግዛት መርካቶ የሚወርደው ነጋዴ ስንት ሜትር እንደሚጎድለው ያውቃል።